ኩርፊያ በጨረር ክፍል

በየቤታችን ዱላ የማይፈልግ ቅጣት አለ፤ ኩርፊያ ይባላል። ባል ያኮርፋል፣ ሚስት ታኮርፋለች፣ ልጅ ሳህኑን ገፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ያኮረፈ ሰው በደሉን አይናገርም፤ በዳዩ ራሱ ደርሶበት እንዲለማመጠው ይጠብቃል። ይህ አመል የተጠናወታት አንዲት ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ፊዚክስ ልትማር ሰው አገር ሄደች። ቤተሰቦቿ «አኩራፊዋ» ይሏታል። ሻንጣዋ ከልኩ በላይ ሆኖ ብዙ ነገር አስቀንሰዋታል፤ አመሏን ግን ይዛው ተሳፈረች።

የምትሠራው መስኮት በሌለው የሌዘር ጨረር ክፍል ውስጥ ነበር። ጨረሩ አይታይም፤ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ይለበልባል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ወደዚያ የሚገባ ሁሉ ጠቆር ያለ መነጽር ያደርጋል፣ ቀለበቱንና ሰዓቱን ያወልቃል፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ጨረሩን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይመልሰዋልና። አብሯት የሚሠራው የአገሯ ልጅ በትምህርት ይቀድማታል። እናቱ ለምረቃው የሰጡትን የብረት ሰዓት ከእጁ ስለማይለይ «ባለሰዓቱ» የሚል ስም ያወጣችለት እሷው ናት። ረስቶ ይዞት ሲገባ «ሰዓትህ!» ትለዋለች። «ውይ! ተባረኪ እህቴ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የዘወትር ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

አንድ ቀን በቡድኑ ስብሰባ ላይ ባለሰዓቱ ተነሥቶ አንድ ግራፍ አሳየ። አኩራፊዋ ስታየው ደሟ ፈላ። ክረምቱን ሙሉ ጨረሩን የሚመራውን መስታወት ስታስተካክል፣ ስትሳሳትና እንደገና ስትጀምር ከርማ ያገኘችውና በጋራ ኮምፒውተራቸው ላይ ያስቀመጠችው የራሷ ውጤት ነው። «ያገኘሁት ውጤት ይህን ይመስላል» አለ ዓይኑን ሳያሽ። አማካሪያቸው እጁን ጨበጡት።

እዚያው አፏን ብትከፍት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ወጥታ ለታላቅ እህቷ ደወለች።

«በይ አሁኑኑ ተመልሰሽ ለአማካሪሽ ንገሪያቸው» አለቻት እህቷ።

«እኔ? ሞቼ ነው? ፊቴን አይቶ ይግባው!»

«አንቺ ልጅ፣ ፊት እኮ ደብዳቤ አይደለም፤ ማን ያነብልሻል? በአፍሽ ተናገሪ።»

«ተይኝ እትዬ። አንዲት ቃል አልተነፍስለትም። ያኔ የእጁን ያገኛል።»

ቂሟን ቋጥራ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታውን አትመልስም፤ ሥራው ካስገደዳት በጣቷ ትጠቁመዋለች። «ሰዓትህ» የምትለውንም ቃል ነፈገችው። አንዳንዴ ራሱ አስታውሶ ሲያወልቀው ትናደዳለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ በቀል ሲጠብቁት ይጣፍጣል። ሻይ እያፈላች እንኳ፣ ባለሰዓቱ እጁን ተለብልቦ ሲዘል እያሰበች ለብቻዋ ፈገግ ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባለሰዓቱ እየተጣደፈ ገባ። መነጽሩን አድርጓል፤ ሰዓቱ ግን እጁ ላይ ያብረቀርቃል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጥርሷን ነክሳ መለሰችው። «ይበለው! ይለብልበው» አለች በሆዷ። ዓይኑ እንደሆነ ተሸፍኗል፤ ከእጁ መቃጠል የባሰ ምን ይመጣል? ደግሞ ሲጮህ ፊቱን አጥርታ ማየት አማራት። ጥቁሩ መነጽር አላሳይ ስላላት ወደ ግንባሯ ከፍ አደረገችው።

ባለሰዓቱ መስታወቱን ሊያስተካክል እጁን ሰደደ። ጨረሩ ሰዓቱን መታ፤ ከሰዓቱ ነጥሮም ወደ እሷ ሄደ። የጮኸችው እሷ ናት።

በቀኝ ዓይኗ መካከል ያረፈችው ጥቁር ነጥብ እንደማትለቃት ሐኪሙ ነገራት። በዚያ ዓይን ሰው ስታይ ፀጉሩና ትከሻው ይታያታል፤ ፊቱ ግን የለም። ያን ያህል ልታየው የጓጓችው የባለሰዓቱ ፊትም እንደዚያው ሆነባት።

ባለሰዓቱ ከሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ሁልጊዜ ትነግሪኝ አልነበር? ምነው ዛሬ ዝም አልሽኝ?»

«አኩርፌህ ነዋ!»

«አኩርፈሽኝ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰላም እንኳ ካልኩህ ስንት ጊዜ ሆነኝ!»

«እኔ እኮ ፈተና አስጨንቋት ነው ብዬ . . . ምን አድርጌሽ?»

ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የቀጣችው ሰው መቀጣቱን አላወቀም። ያኔ የታመቀው ሁሉ ገነፈለ።

«ውጤቴን ሰርቀሃል!»

«አብረን አይደል የምንሠራው? ምን ለውጥ አለው ብዬ . . .»

«ለውጥ ከሌለው የኔን ስም ለምን አልጠራህም?»

አንገቱን ደፋ። አማካሪያቸውም ሊጠይቋት ሲመጡ ይህንኑ ነገረቻቸው። ባለሰዓቱ በቡድኑ ሁሉ ፊት ቆሞ ውጤቱ የእሷ መሆኑን አመነ፤ ስሙም ከጥናቱ ላይ ተሰረዘ። አንጀቷ ራሰ፤ አንዋሽም። ግን አንጀቷን ያራሰላት ኩርፊያዋ ሳይሆን የተናገረችው ነው። ያንኑ ቃል በመጀመሪያው ቀን ብትናገረው ኖሮ፣ ሲያፍር በሁለት ዓይኗ ታየው ነበር።

ወገኖቼ፣ የተበደለ ሰው ይቆጣ፤ መብቱ ነው። ይክሰስ፣ ይሟገት፣ ካሻውም ይጩህ። ሰውን ከአደጋ የምታድን ቃል ግን ቂም መወጫ አትሁን። ያኮረፈ ሁሉ እንደዚህች ልጅ መነጽሩን ከፍ አድርጎ የቆመ መሆኑን አይርሳ።

አኩራፊዋ ወደ ሥራዋ በተመለሰች ዕለት ባለሰዓቱ በሩ ላይ ቆሞ ያመነታ ጀመር። ስታየው ደሟ እንደ ድሮው ፈላ። በዚያ ላይ የብረት ሰዓቱ አሁንም እጁ ላይ ነበር።

«ስማ፣ ገና አልታረቅሁህም» አለችው፤ «ሰዓትህን ግን አውልቅ።»