በሊሬ የተለበጠው ጓዳ

ይሄ የሆነ ነገር ነው።

ማመን ያቃተው ይተወው፤ እኔ ማንንም አልለምንም። ባለታሪኩ ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የነገሩኝ... ሰው ሲዋሽ እንደዚያ አያይም።

ጊዜው ነሐሴ 1952 ዓ.ም.። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት። ቦታው ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ሲኬድ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ የገብስ አገር። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም።

በለጠ አሰላ ገበያ ላይ አቡጄዲ የሚሸጥ ጉራጌ ነው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ጤነኛ፣ ሳቂታ። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ የጣሊያን የወረቀት ገንዘብ ይሰበስባል። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ያመጣውን፣ ዛሬ ሽንኩርት እንኳ የማይገዛውን ሊሬ!

«የጠላት ወረቀት ምን ያደርግልሃል?» ይሉታል።

«ብሩ ላይ ተኩላቸውን ሥለው አገሩ የኛ ነው አሉ። እነሱ ሄዱ፤ ተኩላዋ እኔ ኪስ ቀረች» ይልና ይስቃል።

በሰባት ዓመት ፍለጋ ያላገኛት አንዲት ብቻ ነበረች... ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን የተሣሉባት ባለ ሺዋ። አንድ የእህል ነጋዴ ነው ወሬውን ያመጣለት። በዚያ የገብስ አገር አዴ ፋጡ የሚባሉ ሴት አሉ፤ ሰው ቤቱን በጋዜጣ እንደሚለጥፈው፣ ሟች ባላቸው ደግሞ ገንዘቡ ዋጋ ያጣ ጊዜ ጓዳቸውን በሊሬ ለጥፎት ኖሯል።

ያን ቀን ግን መሄድ አልነበረበትም። ሚስቱ አሰገደች መውለጃዋ ደርሷል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል።

«ዛሬ እንዳትርቀኝ» አለችው እጁን ይዛ።

«አንቺን ይንሳኝ፣ ሳይመሽ እመለሳለሁ!»

በቅሎውን ጭኖ ወጣ።

አዴ ፋጡን ደጃቸው ላይ ቆመው አገኛቸው። ጎበጥ ያሉ አሮጊት ናቸው።

«ደግሞ መጣችሁ?» አሉት።

«እኔ ገና ዛሬ መምጣቴ ነው፣ እናቴ።»

«ያኛውም ሊሬ ብሎ ነው የመጣ። በቅሎው ያቻት» አሉ በአገጫቸው እየጠቆሙ።

አጥሩ ጥግ አንዲት ያረጀች በቅሎ ቆማለች። ኮርቻዋ አልወረደላትም... ቆዳው ሻግቷል።

«ባለቤቷስ?»

«ገባ።»

ኩራዝ ለኩሰው ሰጡት።

ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይመለሳል! የኛ ሰው ግን ቀልቡ ጓዳው ውስጥ ነው።

ጓዳው መስኮት የለውም። ያለው አንድ በር ነው። ኩራዙን ከፍ ሲያደርግ ከወለል እስከ ጣራ ሊሬ... ሊሬ... ሊሬ። በለጠ ደስታው እንባ እንባ አለው።

ከኮዳው ውሃ ጨርቅ ነክሮ ያለሰልሳል፤ በምላጭ ቀስ ብሎ ያላቅቃል። የመጀመሪያዋ ላይ ተኩላዋ ሁለት ሕፃናት ታጠባለች። እንደሚያውቃት ናት።

ከሥሯ ሌላ ነበረች።

ተኩላዋ የምታጠባው አንድ ሕፃን ነው።

ከሥሯ ሌላ...

ተኩላዋ ብቻዋን ናት።

ከሥሯ ሌላ...

ተኩላዋም የለችም። ባዶ መሬት ብቻ።

እና ፈራ? ኧረ ምን ሲደረግ! ጭራሽ ደስ አለው። በሰብሳቢ ዘንድ የተበላሸ ኅትመት ከደኅናው ይበልጣል። አምስተኛዋን ሲያላቅቅ ሁለቱ ሴቶች ብቅ አሉ።

ባለ ሺዋ!

ይዟት ሊወጣ ዞረ።

በሩ የለም።

በሩ በነበረበት ቦታ ሊሬ ተለጥፏል... ዳር እስከ ዳር።

ገፋ። ደበደበ። «አዴ ፋጡ!» ብሎ ጮኸ። አሰገደች ትዝ አለችው።

ያኔ ነው ከግድግዳው ወዲያ የሰማው።

ፍቅ... ፍቅ... ፍቅ...

አንድ ሰው ከወዲያ በኩል እያላቀቀ ነው።

«ማነው?» አለ በሹክሹክታ።

ፍቅፍቅታው ቆመ።

«ገባህ?» አለ የወንድ ድምፅ።

«በሩ ጠፋኝ ወንድሜ! አውጣኝ!»

«ስምህ?»

«በለጠ... በለጠ ወልደ ሚካኤል።»

«ቤትህ?»

«አሰላ። ከገበያው በላይ፣ ሰማያዊ በር።»

«የሚጠብቅህ አለ?»

የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በዚያ አገር መንገደኛ ሲቸገር፣ የማን ልጅ ነህ፣ ቤትህ የት ነው ሳይባል አይረዳም። በለጠም ሰው ሊጠራልኝ ነው ብሎ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው።

«ሚስቴ... አሰገደች። ልትወልድ ነው። እባክህ ንገርልኝ!»

ድምፁ ቀስ ብሎ...

«አይዞህ። እኔ እሄድላታለሁ።»

ኮቴው ራቀ። ደጅ በለጠ የመጣባት በቅሎ ስትጮህ ተሰማች... ግልቢያዋም ራቀ።

በለጠ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲወጣለት አንድ ነገር ታየው፤ ያላቀቅኩትን ልመልስ! የስንቁን በሶ በውሃ በጥብጦ ሙጫ አደረገው። ያላቀቃቸውን ለጠፈ። ክፍተቱ ግን አላለቀም። ከደረት ኪሱ የሰባት ዓመት ስብስቡን አውጥቶ አንድ በአንድ ለጠፈ። ኩራዙ ጋዙ አያልቅም... በሶውም አይጎድልም። አይቷል፤ ሊያስበው ግን አልፈለገም።

በመጨረሻ መዳፍ የምታህል ክፍተት ቀረች። እጁ ላይ ያለችው ባለ ሺዋ ብቻ ናት።

«ለአፍታ አመነታሁ» ብለውኛል ሲነግሩኝ። «ለአፍታ ብቻ...»

ከዚያ ለጠፋት። በሩ እዚያው ነበረ።

ሲወጣ ጉሙ እንደዚያው ነው፤ ገብሱም እንደለመለመ ነው። ገና አልመሸም! «ተመስገን!» አለ። የገዛ በቅሎው የለችም። ያረጀችዋ ግን እንደምታውቀው ሁሉ ተጠግታ ቆመችለት። ጋለበ። ጉልበቱን ያመዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ድንጋጤ ነው ብሎ ተወው።

ሰማያዊው በር ጋ ሲደርስ እልልታ ሰማ። ወለደች! በደኅና ተገላገለች! እያለቀሰ ገባ።

ጎረቤቷ ብርሃነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ይግቡ አባባ፣ አረፍ ይበሉ።»

አባባ?

እጁን አየው... የተጨማደደ፣ ደም ሥሩ የተገታተረ። አገጩን ዳሰሰ፤ ረጅም ጢም።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። አንድ ሰው ሕፃን ታቅፎ ወጣ። ኮቱ በለጠ ሲወጣ የለበሰው ነው። ፊቱም የራሱ የበለጠ ነው። ሠላሳ ዓመቱ።

«ማነው፣ በለጠ?» አለች አሰገደች ከመጋረጃው ጀርባ፣ በደከመ ድምፅ።

«አንድ አባባ ናቸው። መንገደኛ።»

«ታዲያ ልጃችንን ይመርቁልና!»

ሰውየው ሕፃኑን በሽማግሌው ክንድ ላይ አኖረው። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

«ይቅር በለኝ... ያኔ እዚያ ጓዳ ስገባ የኔም ሚስት ልትወልድ ነበር።»

ቤቱ ምርቃቱን ይጠብቃል። ሽማግሌው ስማቸውን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ማን ያምናቸዋል? አሰገደችም አራስ ናት... ሕፃኑ ሞቃት ነው፤ ይተነፍሳል።

«እደግ» አሉ። «ለአባትህ... ጧሪ ቀባሪ ያድርግህ።»

«አሜን!» አለ ሰውየው... ከሁሉም ጮክ ብሎ።