የመምህሩ ስም

ማስተዋል የመሻገሪያ ከተማን ታሪካዊ አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች በሁለት ቀን መዝግባ ትመለሳለች ተብሎ ነበር፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። በዘንጋ ወንዝ ዳር የተደረደሩትን ሦስት አብያተ ክርስቲያናትና በንጉሡ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ትምህርት ቤት ለክታ ፎቶ አንስታለች። የቀራት ከሚካኤል ቅጥር ጀርባ ያለው፣ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት ንባብ ቤት ብቻ ነው። የዚህ ቤት መመዝገቢያ ቅጽ «የመምህሩ ስም» የሚለው መስመር ባዶ በመሆኑ ሁለት ጊዜ ከዞን ተመልሶባታል። ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ኮንትራቷ እንደማይታደስ ኃላፊዋ እያዛጋ በስልክ ነግሯታል።

ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ መሪጌታ ስሜነህ እንደ ትናንቱ በንባብ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ንባብ ቤቱ ደራሽ ውሃ ከገባበት ክረምት ወዲህ ተዘግቷል ይላሉ፤ ልጆቹስ ስትላቸው ወደ ወንዙ እያዩ ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ዝጎ ከማጠፊያው ጋር ተጣብቋል። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ዘንጋ መንምኖ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል፤ የንባብ ቤቱ ግድግዳ ግን እስከ ሰው ደረት ድረስ ርሷል፤ በስንጥቁም የጭቃና የረጠበ ደበሎ ሽታ ይወጣል።

ከበሩ ጀርባ ደግሞ ልጆች ያነባሉ።

አምስት ቀን ሙሉ ሰምታቸዋለች። ከሀ ተነስተው እየጎተቱ፣ እየተንቀረፈፉ ጠ ላይ ይደርሳሉ፤ ሌሎቹ ዝም ይሉና አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን «ጠ፣ ጡ፣ ጢ» ብሎ ይቆማል። ከዚያ የሆነ ነገር ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከዚያ እንደገና ከሀ። ሽማግሌው በድብቅ የሚያስተምር መምህር ደብቀው ይዋሹኛል ብላ ደምድማለች።

«ልጆች ካሉ መምህር አለ፣ መሪጌታ። ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

«አለ። ግን ደክሞታል፣ ልጄ። ስሙ ምን ያደርግልሻል?»

«እንጀራዬ ነው።»

ከንፈራቸው ሳቀ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። «እንግዲያው ሲሳሳቱ ብትሰሚ ዝም በይ። እኛ ዘንድ ያረመ ወንበሩን ይረከባል፤ የቀደመው ይሰናበታል።»

ማስተዋል ይህንን «ልዩ ልማድ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ጻፈችና ቅጹን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። የመጨረሻው ሚኒባስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል። ስምንት ተኩል ሆነ። ልጆቹ ከሀ ጀመሩ፣ ጠ ላይ ደረሱ፣ ቆሙ። ከሀ ጀመሩ፣ ቆሙ። ከታች ከመናኸሪያው ጥሩምባ ተሰማ፤ ቀጭኑ ድምፅ ለሰባተኛ ጊዜ «ጢ» ብሎ ተንጠለጠለ።

«ጣ!» አለች ወደ በሩ ዞራ። «ጣ፣ ጤ፣ ጥ፣ ጦ! ይኼው ነው፤ ቀጥሉ!»

ጠብታው ቆመ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ድምፅ ጣን ተቀብለው፣ ፊደሉን አንድም ሳያደናቅፋቸው እስከ ፐ አወረዱት።

መሪጌታ ለረጅም ጊዜ ታፍኖ የቆየ የሚመስል ትንፋሽ አወጡና ተነሱ። የተቀመጡበት ድንጋይ ረጥቦ ነበር፤ ከጋቢያቸው ጫፍም ውሃ ይወርዳል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ዘና ብለው ቁልቁል ወረዱ። ስማቸውን እየጠራች ተከተለቻቸው፤ ዞር አላሉም። ጠጠር ብቻ ከቀረው ወንዝ ውስጥ፣ አንድ ከባድ ነገር ጥልቅ ውሃ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ መጣ።

ከኋላዋ ቁልፉ መሬት ላይ ወደቀ። በሩ ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት፣ ብዙ ትንንሽ እግሮች ጭቃ ውስጥ ተነስተው ሲቆሙ ሰማች።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ» አሉ።

ላለማየት ዓይኗን ቅጹ ላይ ተከለች። ለአምስት ቀን ባዶ በነበረው መስመር ላይ ስሜነህ የሚል ስም ተጽፎ ተሰርዟል፤ ከሥሩ፣ በራሷ የእጅ ጽሕፈት፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ ማስተዋል ይላል።