እግሯን የያዘው ልጅ

ሩታ አጥናፉን እስከ እረፍት የሚያቆማት ተከላካይ የለም፤ ጉለሌ ሁሉ ይመሰክራል። ጉዱ የሚመጣው ከእረፍት በኋላ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የግራ ታፋዋ የኋላ ጡንቻ ይዝላል፤ ይሄኔ ልሩጥ ስትል ከውስጥ ቋ ይልባታል። ሁለት ጊዜ በቃሬዛ ወጥታለች።

«ሦስተኛ በቃሬዛ ከወጣሽ ኳስ የሚባል ነገር በቃ!» አሉ አባቷ አቶ አጥናፉ። እሳቸው ደግሞ በቃ ካሉ በቃ ነው።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሜዳ ዳር ተቀምጣ ጡንቻዋን ለማፍታታት እግሯን እየሳበች ስታቃስት፣ ሜዳውን ለመረከብ ከሚጠብቁት የወንዶቹ ቡድን ልጆች አንዱ አጠገቧ ቆመ። ለሊሳ ይባላል፤ የእንጦጦ ልጅ፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር።

«እሱ በመሳብ አይድንም» አላት።

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። እኔም እንዳንቺ ስስበው፣ ሳሸው ዓመት አለፈኝ። ጡንቻው አላጠረም፤ አቅም የለውም። ሲደክም ነው የሚሰነጠቀው። ማጠንከር ነው ያለብሽ።»

አሠራሩን ነገራት። ትንበረከኪያለሽ፤ ሰው ከኋላ ቁርጭምጭሚትሽን አጥብቆ ይይዝልሻል፤ ወገብሽን ሳታጥፊ ቀስ እያልሽ ወደ ፊት ትወርጃለሽ። ክብደትሽን ሁሉ የሚሸከመው ያ ሰነፍ ጡንቻ ነው።

«ያዝ እንግዲህ» አለችው።

የመጀመሪያው ቀን በአፍንጫዋ ሣሩ ላይ ተተከለች። «ቀስ! ምን ያስቸኩልሻል?» ብሎ ሳቀባት። ሰደበችው። በማግስቱ ግን ቀድማ መጥታ ጠበቀችው።

ፍቅራቸው እንግዲህ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላው ሰው ዓይን ለዓይን ተያይቶ ይዋደዳል፤ እነሱ ፊት ለፊት አይተያዩም። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች፤ እሱ የተጎነጎነ ፀጉሯን። ፊቷን ሲያይ ምላሱ የሚተሳሰረው ልጅ፣ ከኋላዋ ሲሆን እንደ ልቡ ያወራል። አንድ ከሰዓት፣ ግማሽ መንገድ ወርዳ እየተንቀጠቀጠች ሳለ፣ «ሩታ፣ ወድጄሻለሁ» አላት።

ዘጭ አለች። ስትነሳ እሱ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነበር።

ያን ቀን ነው የእነ ሩታ ጎረቤት ወይዘሮ ሐመልማል ከእንጦጦ ማርያም ሲመለሱ ከላይ ከመንገዱ ያዩዋቸው። ምን አዩ? አንድ ጎረምሳ ተንበርክኮ የአጥናፉን ልጅ እግር ይዟል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። በአገራችን እግር የሚይዝ ማነው? የበደለ ነዋ! ወሬው ሰፈር ሳይደርስ በደሉ ተገኘለት። አቶ አጥናፉ ጆሮ ሲደርስማ ልጅቷ አርግዛለች።

«ምን አድርጎሽ ነው እግርሽ ላይ የወደቀው?»

«ስፖርት ነው አባዬ! ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው!»

«እኔን ነው የምታታልይ? ምንም ያላደረገ ሰው እግር አይይዝም! ዳግመኛ ቢነካሽ ልጁም ኳሱም ቀረ!»

ለሊሳ ይሄን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «አባትሽን ማስቀየም አልፈልግም። ኢልሀም ትያዝልሽ፤ የቡድን ጓደኛሽ አይደለች?»

«ኢልሀም መያዝ አያቅታትም» አለች ሩታ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም። «ጡንቻዬ ማን እንደያዘኝ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። የምፈልገው አንተን ነው። ምን ሠርተን ነው የምንደበቀው? ቅዳሜ ደጃችን ድረስ ና!»

«ደጃችሁ?»

«አዎ፣ አባቴ ደጅ!»

መጣ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰፈርተኛው ወጥቶ በሚገባበት ሰዓት፣ ሩታ ኮብልስቶኑ ላይ ካርቶን አንጥፋ ተንበረከከች። ለሊሳ እግሯን ያዘ። ወይዘሮ ሐመልማል በራቸውን ከፈቱ፤ ሌላውም ከፈተ። በመጨረሻ አቶ አጥናፉ ብቅ አሉ።

«ተነሺ!»

«አልነሳም! እዩት አባዬ፣ ሁላችሁም እዩት! በድሎኝ አይደለም የያዘኝ። እንዳልወድቅ ነው!»

ይህን ብላ መውረድ ጀመረች። ታፋዋ ተንቀጠቀጠ። ለሊሳ ቀና ሲል ዓይኑ ከአቶ አጥናፉ ዓይን ጋር ገጠመና እጁ ላላ። የሩታ አፍንጫ ወደ ድንጋዩ ተምዘገዘገ።

«አጥብቀህ ያዝ እንጂ፣ አንተ!» ብለው ጮኹ አቶ አጥናፉ።

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ለሊሳም አጥብቆ ያዘ፣ አፍንጫዋም ለጥቂት ተረፈ። ወይዘሮ ሐመልማል በራቸውን መልሰው ዘጉ።

ወራት አለፉ። በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ኳሷ ወደ ባዶው መስመር ተላከች። ሩታ ለሩጫ ተነሳች። አቶ አጥናፉ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። አጠገባቸው ለሊሳ «ትችላለች፣ ትችላለች» ይላል ለራሱ። ሮጠች፤ ተከላካይዋን ጥላ አለፈች፤ መታች። ኳሷ አግዳሚውን ነክታ ወጣች።

ቡድኗ አንድ ለዜሮ ተሸነፈ። ሩታ ግን በገዛ እግሯ ወጣች። በላብ ተጠምቃ፣ ሳታነክስ፣ አባቷና ለሊሳ ወደቆሙበት አጥር በቀጥታ መጣች።

«ለሊሳ፣ ያን ቀን ለጀርባዬ ያልከውን አሁን ለፊቴ በለው።»

ለሊሳ ደንግጦ ወደ አቶ አጥናፉ ዞረ።

«እኔን ምን ታያለህ?» አሉት ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የጠየቀችህ እሷ አይደለች?»

ለሊሳ ወደ ሩታ ዞረ። ዓይኗን እያየ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አላት።