ጠፍቶ የተነፈሰው ማሽን

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ማመኑን ሙያዬም አይፈቅድልኝም፣ ቡሬ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል የኦክስጅን ማምረቻውን የምጠግነው እኔ ነኝና ማሽን ከጮኸ አንድ ብሎን ላልቷል ማለት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ይህችን ግን ስሙኝ፣ እመኑኝ አንዲት ቃል አልጨመርኩባትም።

መጀመሪያ ከማሽኑ ጋር ላስተዋውቃችሁ። ሁለት ረጃጅም ታንከሮች አሉት፣ ሆዳቸው ዜኦላይት በሚባል ምስር የሚያካክል ጠጠር የተሞላ ነው። ኮምፕረሰሩ ከደጅ የሳበውን አየር ጨምቆ፣ አድርቆ ወደ አንዱ ታንከር ይገፋዋል፣ ጠጠሩ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀርና ኦክስጅኑን ያሳልፋል። ጠጠሩ ሲጠግብ ተራው የሌላው ታንከር ይሆናል፣ የጠገበው ደግሞ የያዘውን ናይትሮጅን «ሽሽሽ» ብሎ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ድሮ በኦክስጅን የተሞላ ሲሊንደር ከባሕር ዳር በመኪና እስኪመጣልን ነበር የምንጠብቀው፣ መንገድ ከተዘጋ አለቀልን። አልጋ ሥር የምትቀመጠው ትንሿ ማሽንም ሥራዋ ያው ነው፣ አቅሟ ግን ክፉኛ ለታመመ አይበቃም።

ያን የክረምት አመሻሽ የአንድ መሪጌታ ልጅ የሳንባ ምች አጣድፏት ከማሽናችን እስከ ሕሙማን ክፍል ከተዘረጋው የቱቦ መስመር ነበር የምትተነፍሰው። ዝናቡ ሲወርድ የማሽኑ ትንፋሽ ከአንድ ወገን ብቻ ሆነብኝ፣ የአንደኛው ታንከር ማስተንፈሻ ቫልቭ ተጣብቆ የኦክስጅኑ ጥራት መውረድ ጀመረ። ልጅቷን ለምትጠብቀው ነርስ ደውዬ «ሲስተር፣ ወደ ትንሿ ቀይሪያት፣ ላጠፋው ነው» አልኳት።

«ቶሎ በል እንግዲህ፣ በትንሿ ብዙ አትቆይልኝም» አለችኝ።

ማብሪያውን አጠፋሁ፣ በታንከሮቹና በመስመሩ ውስጥ የቀረውን አየር በሙሉ አስወጣሁ፣ ቫልቩን ፈታሁ። ቫልቩ እጄ ላይ እንዳለ ማሽኑ «ሽሽሽ» አለ፣ ከቀኝ። ቆየት ብሎ ከግራ። ኮምፕረሰሩን ነካሁት፣ አይንቀጠቀጥም፣ የግፊት መለኪያው ዜሮ ላይ ነው። እንደገና ከቀኝ ተነፈሰ።

የልጅቷ አባት መሪጌታው በማሽን ቤቱ በር ላይ ዝናብ ተጠልለው ቆመዋል። «የኔታ፣ ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«እንዴት አይሰማኝ ልጄ፣ ቀኝና ግራ ሆኖ እንደ ማኅሌት ይቀባበል የለም እንዴ። ቅድም አንደኛው ወገን ዝም ብሎ ጨንቆኝ ነበር፣ አስተካከልኸው፣ እግዜር ይስጥህ።»

ገና ምኑንም አልጠገንኩም፣ ቫልቩም እጄ ላይ ነው። ቫልቩን አጽድቼ ገጠምኩ፣ አበራሁት፣ ጥራቱ ሽቅብ ወጣ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ በዝናብ ልጅቷ ወደተኛችበት ክፍል ሮጥኩ። የልጅቷ ከንፈር ወዝ ይዟል፣ ዓይኗን ገልጣ አባቷን ትፈልጋለች።

«ትንሿ ማሽን ቻለቻት?» አልኩ።

«መች ቀየርኳትና?» አለች ሲስተር። «ልቀይራት ስል መስመሩ መች ተቋረጠ፣ ይልቅ ከቅድሙ በረታ እንጂ።»

ያን መስመር በገዛ እጄ ባዶ አድርጌዋለሁ።

ልጅቷ ድና በእግሯ ወጣች፣ አባቷ ግቢውን በምርቃት አጥለቀለቁት፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ሞትን አሸንፈናል። ከዚያ ወዲህ ግን ማሽኑን ለጥገና ባጠፋሁ ቁጥር ቫልቩን ሳልፈታ ቆሜ አዳምጣለሁ። ምንም የለም፣ ያ «ሽሽሽ» አልተመለሰም። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር፣ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዝምታው ነው፣ በመስመሩ ጫፍ ሁልጊዜ አንድ የሚተነፍስ ሰው አለና።