ባነሩ ላይ የወጣችው ልጅ

ሬድዋን ሰዓዲያን ያወቃት የሰው ንግግር አቋርጦ ነው። ያውም የዕጩ ተወዳዳሪ ንግግር!

ሰሞኑ የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ቅስቀሳ የተጀመረበት ነበር። ሬድዋን የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። ሙሽራ አቁሞ፣ አገጭ ቀና አስደርጎ፣ «ትንሽ ፈገግ... እንደሱ!» እያለ ማንሳቱን ተክኖበታል፤ ፖለቲካ ባለበት ግን ዝር ብሎ አያውቅም። ምልክቱ ማንኪያ የሆነ ፓርቲ የቅስቀሳ ፎቶ እንዲያነሳለት ሲጠይቀው «ሰው ያው ሰው ነው» ብሎ ገባበት።

ዕጩው አቶ ዓምደ ሚካኤል ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በፊታቸው ላይ ፈገግታ አይቻለሁ የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም። የመጀመሪያው ቀን፣ ሲግናል አካባቢ ባለች አንዲት ሜዳ፣ ሬድዋንን ጠጋ ብለው «ሕዝቡ ብዙ እንዲመስል አድርገህ አንሳ» ብለውት መድረክ ላይ ወጡ።

«ለወረዳችን የውሃ ችግር እኔ ያለኝ ዋናው መፍትሔ...» ሲሉ፣ ሬድዋን እሳቸውንም ሕዝቡንም በአንድ ፎቶ ለማስገባት ወደ ኋላ አፈገፈገ። ደግሞ ትንሽ አፈገፈገ። የሞንታርቦው ገመድ እግሩ ላይ ተጠመጠመና ሲንገዳገድ ከነሶኬቱ ነቀለው። ሜዳው ጸጥ አለ። ሕዝቡ ንግግሩ ያለቀ መስሎት ደስ ብሎት አጨበጨበ። የውሃው መፍትሔ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

«አንተ!» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ። «አላህ ዓይን የሰጠህ ለካሜራው ብቻ ነው እንዴ?»

ዞሮ አያት። ሻርፗን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የተነቀለውን ገመድ ይዛ ቆማለች።

«ይቅርታ... ገመዱን አላየሁትም።»

«ይሄን የሚያህል ገመድ?»

«አሁን አየሁት» አለ። የሚያየው ግን ገመዱን አልነበረም።

ሰዓዲያ የሐጂ ሀሚድ ልጅ ናት። ሐጂ ሀሚድ ድንኳን፣ ወንበርና ሞንታርቦ ያከራያሉ፤ የካ ውስጥ ሰርግም ለቅሶም ያለሳቸው ወንበር አይሞላም። በምርጫው ሰሞን ዕቃውን ይዛ ከሜዳ ሜዳ የምትዞረው እሷ ነበረች።

«አንቺም የማንኪያ ነሽ?» አላት ሬድዋን ሶኬቱን ስትሰካ።

«ዛሬ ማንኪያ፣ ነገ ባልዲ። እኛ ወገን የለንም፤ ወንበር ፓርቲ የለውም» አለችው። ቀና ብላ አይታው ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ዋጠችው። ሬድዋን ያቺን የተዋጠች ሳቅ ይዞ ቤቱ ገባ።

ማታ ፎቶዎቹን ሲከፍት ደነገጠ። የሰርግ ፎቶ አንሺ ዓመል አለው፤ ከሕዝብ መሃል ሙሽራዋን ይመርጥና እሷን አጥርቶ ሌላውን ያደበዝዛል። እጁ እሱን ሳያማክር መርጧል። አቶ ዓምደ ሚካኤል በየፎቶው እንደ ጭጋግ ደብዝዘዋል፤ ሰዓዲያ ግን ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይቆጠራል።

«ነገ ይስተካከላል» አለ ለራሱ። ነገ ባሰበት።

እንጦጦ ላይ በተደረገው ቅስቀሳ፣ ባሕር ዛፉ መሃል በተዘረጋው ወንበር ላይ ቀድመው የተቀመጡት እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የደከማቸው እናቶች ነበሩ። ሸክማቸውን አውርደው እፎይ አሉ። ሬድዋን በልማዱ «የሙሽራው ወገን ወደ መሃል ጠጋ ጠጋ በሉ!» ብሎ ጮኸ።

«ልጄ፣ ሙሽሮቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አሉ አንዲት እናት። «መንገዳችን ሩቅ ነው።»

አቶ ዓምደ ሚካኤል መነጽራቸውን አስተካከሉ። ሰዓዲያ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። እየሳቀች፣ ጄኔሬተሩ ጋ ላለው ሠራተኛ «ድምፁን ቀንስ» ለማለት መዳፏን ከፍ አደረገች። ሬድዋን ጠቅ አደረገ።

ቅስቀሳው ሲያልቅ ወንበር አብሯት ሰበሰበ። ማንም አልለመነውም።

«ሥራውን ትወጂዋለሽ?» አላት።

«ነፍሴ ነው። አባቴ ደክሞታል። ይህን ምርጫ ከማንም ሳልጣላ ከጨረስኩ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል። አንዱ ፓርቲ ከተቀየመን ግን ለወንድሙ ልጅ ነው የሚሰጠው... ወንድ ነው አይደል? ሰው አይደፍረውም ይላል።»

«አትጣዪማ!»

«አንተ ገመዴን ካልረገጥክ ማን ያጣላኛል?»

ምን ታርግ። ካፏ የወጣውን ሰይጣን ሰማው መሰለኝ።

ቅስቀሳው ሊዘጋ ሲል አቶ ዓምደ ሚካኤል ትልቅ ባነር አዘዙ። «እኔ ማንኪያን መርጫለሁ! እርስዎስ?» የሚል ጽሑፍ፣ ከጎኑ የሳቸው ፎቶ። ሬድዋን የዚያን ዕለት ሰርግ ነበረበትና ፎቶዎቹን ማተሚያ ቤት ጥሎ ሮጠ። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ የማተሚያ ቤቱ ልጅ ደወለለት።

«ከዚህ ሁሉ ፎቶ የቱን ላድርገው?»

«ጥርት ያለውን!» አለ ሬድዋን ካሜራውን በአንድ እጁ ይዞ። «ፈገግታ ያለበትን!»

«ጥርት ብሎ ፈገግታ ያለበት አንድ ብቻ ነው።»

«በቃ እሱን!»

ጠዋት ሲግናል ደርሶ ወደ ባነሩ ቀና አለ። ሰዓዲያ ፎቅ አክላ ተሰቅላለች። ጥርሷ፣ የተነሳው መዳፏ፣ ሁሉም ሙሉ ነው። «እኔ ማንኪያን መርጫለሁ! እርስዎስ?»

«ይቺማ አሳመነችኝ» አለ አጠገቡ የቆመ ሰውዬ።

ስልኩ ጮኸ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ናቸው።

«ሬድዋን፣ ባነሩ ሥር ነው ያለሁት። እኔ የት ነኝ?»

«ጋሼ... ከኋላዋ በስተግራ በኩል፣ ያ ግራጫው ነገር... ጆሮዎ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ወዲያው ሰዓዲያ ከሚኒባስ ወርዳ መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ከማንኪያ ሰዎች ጋር መክረህ ነው?»

«ወላሂ ስህተት ነው!»

«እሺ ስህተት ነው። መጀመሪያውኑ ግን ፎቶዬ አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

እንግዲህ እውነቱን የሚናገርባት ደቂቃ ይህቺ ነበረች። ሰው ግን ሲወድ ይጃጃላል።

«ለ... ለመብራት ሙከራ ነው ያነሳሁሽ» አለ።

«ለሙከራ?» ዓይኗ ውኃ አዘለ። «እኔ ደግሞ... በቃ፣ ሞክረሃል።» ትታው ሄደች። ከዚያ በኋላ ስልኳን አላነሳችለትም።

ወሬው የተቀናቃኙ የባልዲ ፓርቲ ዕጩ ወይዘሮ አፀደ ጋ ሲደርስ ቁጣቸው እንደ ወጥ ገነፈለ። ወይዘሮ አፀደ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሲናገሩ ማይክ የሚያስፈልጋቸው ለወጉ ነው። ሐጂ ሀሚድ ቤት ድረስ ሄደው «ልጅህ እሑድ አያት ላይ መድረክ ወጥታ ባልዲ ትያዝ። ያለዚያ ሐጂ ሀሚድ የማንኪያ ነው ብዬ አገሩን አዳርሳለሁ!» አሉ። ሰዓዲያ ባልዲውን ብትይዝ ማንኪያ ይቀየማል፤ ባትይዝ ባልዲ። በየትም በኩል ቁልፉ ወደ አጎቷ ልጅ መንገድ ጀምሯል።

ይህን ለሬድዋን የነገሩት አቶ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። «አየህ ያመጣኸውን?» አሉት። ሬድዋን ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ሲቆጥር አደረ።

እሑድ በባቡር አያት መጨረሻው ድረስ ሄደ። ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ድንኳን ተጥሏል፤ በየበረንዳው ሰው ተደግፎ ያያል። ሰዓዲያ የድምፅ መቆጣጠሪያው ጋ ቆማለች። ፊቷ ጠቁሯል። ሐጂ ሀሚድ ከኋላዋ እጃቸውን አጣምረዋል።

«እስቲ ያቺ የባነሯ ልጅ ትምጣ!» አሉ ወይዘሮ አፀደ ቢጫ ባልዲ አንስተው። «ማንን እንደመረጠች ራሷ ትንገረን!»

ሰዓዲያ እርምጃ ስትጀምር ሬድዋን ቀድሟት መድረኩ ላይ ዘለለ። ማይኩን ያዘ።

«እሷ የማንም አይደለችም!» አለ። ድምፁ ኮንዶሚኒየሞቹን ዞሮ ተመለሰ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ የማንኪያ ፎቶ አንሺ ነኝ...»

«ማንኪያ!» ብለው ጮሁ ወይዘሮ አፀደ። «ሰላይ ነው! ድምፁን ዝጊው!»

የሰዓዲያ ጣት ማጥፊያው ላይ ነበር። ሬድዋን አያት፤ እሷም አየችው። አልዘጋችውም።

«አቶ ዓምደ ሚካኤልን እንዳነሳ ተቀጠርኩ» ሲል ቀጠለ። «ይህን ሁሉ ቀን ተከትያቸው ከሳቸው የያዝኩት ጆሮ ብቻ ነው! ካሜራዬን ወደ መድረኩ አዞራለሁ፤ ወንበር የምትደረድረው እሷ ላይ አገኘዋለሁ። ወደ ሕዝቡ አዞራለሁ፤ እሷ ጋ ነው። ማተሚያ ቤቱ ጥርት ያለ ፎቶ ቢፈልግ ከሷ ሌላ አላገኘም! ሰዓዲያ... ለመብራት ሙከራ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ስለምወድሽ ነው ያነሳሁሽ። ፈርቼ ነው የዋሸሁሽ። አሁንም እየፈራሁ ነው።»

መጀመሪያ አንዲት እናት ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ እልል አሉ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ መንደሩ በሙሉ አቀለጠው። ወይዘሮ አፀደ ሕዝቡን አዩ፤ እንደዚያ ቀን ሰው ሞልቶላቸው አያውቅም። ነጋዴ ናቸውና ጊዜ አላጠፉም፤ ማይኩን ነጥቀው «ባልዲ ፍቅርን ይደግፋል!» አሉ። የባልዲው መያዝ ነገር በዚያው ተረሳ።

ሐጂ ሀሚድ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዝጊው ስትባይ ለምን አልዘጋሽውም?»

«ማይክ የያዘ ሰው አይቋረጥም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አባ።»

«ለዚያ ብቻ ነው?»

ሰዓዲያ አቀረቀረች። ሐጂ ሀሚድ ኪሳቸውን ዳበሱና ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሲጮህብሽ እጅሽ ካልተንቀጠቀጠ፣ ማንም አይደፍርሽም» አሏት። ቀጥለው ሬድዋንን በጣታቸው ጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ በሞንታርቦ የምትጠየቅ ልጅ የለችኝም። ሽማግሌ ላክ። ሽማግሌዎቹም እነዚህ ያናቆርካቸው ሁለቱ ሰዎች ይሁኑ። አስታርቀህ ማምጣት ከቻልክ ትዳርም ትይዛለህ።»

በምርጫው ማንኪያም ባልዲም አልቀናቸውም። ወንበሩን የወሰደው አንድም ቀን ሜዳ ወጥቶ ያልተናገረ ሌላ ዕጩ ነው። ሬድዋን አቶ ዓምደ ሚካኤል ዘንድ ሄዶ ሽምግልናውን ቢለምን «ያቺ ሴትዮ ባለችበት እግሬ አይረግጥም» አሉት። ወይዘሮ አፀደም «ከዚያ ከማይስቅ ሰውዬ ጋር? ሞቼ ነው!» አሉ።

ሬድዋን ትንሽ ፖለቲካ ተምሯል። ለአቶ ዓምደ ሚካኤል «ወይዘሮ አፀደ እርስዎን አንድ ሰው እንኳ ማሳመን አይችሉም ይላሉ» አላቸው። ለወይዘሮ አፀደም ያንኑ ገልብጦ ነገራቸው። በቀጠሮው ቀን ሁለቱም ከሰዓቱ ቀድመው ሐጂ ሀሚድ በር ላይ ተገናኙ።

ሬድዋን ወግ ነውና አብሮ አልገባም። ከቤቱ ማዶ ያለች ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ካሜራው አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ወይዘሮ አፀደ ይስማ ብለው ስልካቸውን ከፍተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተውለታል።

«አረፍ በሉ» ይላሉ ሐጂ ሀሚድ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል። «የተከበራችሁ የወረዳችን ነዋሪዎች...»

«ነዋሪ የት አለ? ሰውዬው ብቻቸውን ናቸው!» ይላሉ ወይዘሮ አፀደ። «ሐጂ፣ ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ዓይናፋር ነው...»

«ዓይናፋር? መድረክሽ ላይ የዘለለው ማን ሆነና!»

«አንተ ዝም በል፣ ልታበላሸው ነው!»

ሬድዋን ግንባሩን ያዘ። አለቀ፣ ሄደች፣ አለ በልቡ። ከዚያ የሐጂ ሀሚድ ድምፅ መጣ።

«ቆይ እስቲ። እናንተ ሁለታችሁ በአንድ ነገር ተስማምታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል።

«በዚህ ብቻ ነው» አሉ ወይዘሮ አፀደ። «ለሷ የሚሆናት እሱ ነው።»

«በዚህ ላይስ ተቃውሞ የለኝም» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል።

«እንግዲህ ማንኪያና ባልዲ ከተስማሙ፣ እኔ ማን ነኝ የማፈርሰው?» ሐጂ ሀሚድ ሳቁ። «ሰዓዲያ! ነይ እስቲ። አንቺስ?»

ሬድዋን ስልኩን ይበልጥ ጆሮው ላይ አስጠጋ። ድምፅዋ ከቦርሳው ውስጥ ታፍኖ ቢመጣም ቃል በቃል ሰማት።

«እሺ ብያለሁ፣ አባ። ግን አንድ ነገር አለኝ። የሰርጋችን ቀን ካሜራ እንዳይነካ። እስከ ዛሬ ያየኝ በካሜራው መስታወት ውስጥ ነው። በዓይኑ ይየኝ።»

ሬድዋን ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ የሱቁ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠና አስፋልቱን ተሻገረ። ባለሱቁ «ኧረ ዕቃህን!» እያለ ቢጣራም አልዞረም።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። የሚደበቅበት ነገር አልነበረውም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳ ጠፋው። ዝም ብሎ አያት።

«ምነው?» አለችው፣ የሻርፗን ጫፍ እየነካካች። «ዛሬ ደግሞ ደበዘዝኩ?»

«ኧረ...» አለ፤ እንባው ግን ቀድሞት ነበርና እውነትም ደብዝዛ ነበር የምትታየው።