ደወሉ ቆሟል

ፍንጭት ኮንትሮልና ዜድን አንድ ላይ ተጫነች። በጥቁሩ መስኮት ግርጌ አንዲት መስመር ብቅ አለች፦ «ደወል፦ ቆሟል።»

ሌላ ቦታ ቢሆን እነዚህ ሁለት ቁልፎች የተሳሳቱትን መመለሻ ናቸው። ትእዛዝ በሚጻፍበት በዚህ መስኮት ግን የሚሠራውን ፕሮግራም ባለበት ቀጥ ያደርጉታል። አይሞትም፤ ቀጥል እስኪሉት ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። የትምህርት ቤቱን ደወል የሚደውለው ይሄው ፕሮግራም ነው፤ የመጠበቁ አደራ ደግሞ የኮምፒውተር ክበብ አባል የሆነችው የፍንጭት ነው።

እንድታቆመው የለመነቻት ጓደኛዋ ቀጮ ናት። የፍንጭት ክፍል ሂሳብ የተፈተነው ጠዋት ሲሆን፣ የቀጮ ተራ አሁን ነው። «ፕሊስ፣ በናትሽ! አምስት ደቂቃ ብቻ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ልጨርስና በመስኮት አውራ ጣቴን አሳይሻለሁ» ብላት ገባች።

አምስቱ ደቂቃ አለፈ፣ ሌላም ተጨመረበት፤ ከማዶ ባለው የፈተናው ክፍል መስኮት ግን አውራ ጣት የለም። ፍንጭት ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በአንደኛው ክፍል የታሪክ መምህሯ ትምህርቱን ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራለች፤ አንድም ተማሪ አልሳቀም። የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች ቦርሳቸውን አንግተው፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው፣ ጭጭ ብለዋል። እስከ ግቢው በር ወረደች፤ ዘበኛው ቁልፋቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተው ቆመዋል፤ አላዞሩትም።

«ጋሼ፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ደወል ነዋ፣ ልጄ። ሳይደወል ይከፈታል እንዴ?» ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

ፍንጭት ፈራች። ሰው ሁሉ ነቅቷል፤ ግን አንዱም አይንቀሳቀስም። ወደ ፈተናው ክፍል ሮጠች።

እስክሪብቶዎቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። ፈታኙ መምህር ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ድምፅ ማጉያውን ያያሉ፣ መልሰው ሰዓታቸውን።

«ቲቸር፣ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነው…» አለ አንዱ።

«ከደወል በፊት ማንም አይነሳም!»

ቀጮ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ወረቀቷ ላይ ከስሟ በቀር ምንም የለም። ፍንጭትን ስታይ ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ በከንፈሯ ብቻ «እንዳታስደውዪ» አለቻት።

ያኔ ገባት። ቀጮ ስለ አምስት ደቂቃ ዋሽታታለች፤ ደወሉ ጨርሶ እንዲቀር ነው የፈለገችው። እስካልተደወለ ድረስ አልወደቀችማ! ፍንጭት ተናደደች፤ አዘነችላትም፤ ሁለቱም ባንዴ።

ተመልሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የቆመውን ካቆመበት የሚያስቀጥሉት ኤፍና ጂ ናቸው፤ ሁለት ፊደላት፣ ጎን ለጎን። ማን አቆመው ተብሎ ሲጣራ ክበቡ ውስጥ መቆየቷ ያበቃለታል። ቀጮም ዓይንሽን ላፈር ልትላት ትችላለች። ከኮሪደሩ የታሪክ መምህሯ ድምፅ ይሰማል፤ ያንኑ ትምህርት ለሦስተኛ ጊዜ ጀምራዋለች።

ፍንጭት ሁለቱን ፊደላት ጻፈችና አስገባችው።

ደወሉ ጮኸ። ሕንጻው በሙሉ በወንበርና በጫማ ድምፅ ተናጋ፤ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ሽንቱ የያዘው ልጅ በአጠገቧ እንደ ጥይት አለፈ። ፍንጭት የሚወጣውን ሰው እየገፋች የፈተናው ክፍል ስትደርስ መምህሩ ወረቀት እየሰበሰቡ «ምን ነክቶት ነው ይሄ ደወል?» ይላሉ። ቀጮ ከቦታዋ አልተነሳችም።

«ምን አደረግሁሽ?» አለቻት እንባዋ እየመጣ።

«ምንም። እኔ የራሴን ልነግራቸው ነው» አለች ፍንጭት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ወደ መምህሩ ጠረጴዛ አመራች። ከኋላዋ የቀጮ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች፤ ዞራ ግን አላየችም።