አራተኛው ብሎን

ቢራቢሮ የሞተው በዕድሜው ከነዳው ሁሉ በፈጠነበት ደቂቃ ነው።

እሑድ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስኩተር ነጂዎች ይሽቀዳደሙ ነበር። ሁሉንም ጥሏቸው ሄዷል። ቆመው ያዩት ሰዎች በኋላ ለፖሊስ የሰጡት ቃል አንድ ዓይነት ነው፦ «እቺ ስኩተር እንደዚያን ቀን ስትጮህ ሰምተን አናውቅም።»

ከዚያ ጩኸቱ ተቆረጠ። የኋላ ጎማዋ መዞሩን አቁሞ አስፋልቱን እየፋቀ ተንሸራተተ። ቢራቢሮን የመጋዘኑ ግንብ ተቀበለው።

ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቢራቢሮ ያሉት ከነልብሱ ሃምሳ ኪሎ ስለማይሞላ ነው።

ሞተሯን የሠራችው እህቱ ናት።

እህቱን ሰፈሩ «ሞረድ» ይላታል። አንድም ሲሊንደር በሞረድ ስትፍቅ ስለምትውል፣ አንድም ሰው በምላሷ ስትፍቅ ስለምትውል። ስሙን አልጠላችውም። ወንዶቹ መካኒኮች መጀመሪያ ላይ «ሴትና ሞተር!» እያሉ ሲስቁባት፣ የገዛ ስኩተራቸውን እየገፉ ደጇ ላይ እስኪሰለፉ ጠበቀቻቸው። ከዚያ በተራዋ ሳቀች።

አሁን የሚስቅ የለም። ከቀብሩ ሲመለሱ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ሞረድ ውሃ ብታቀርብላት አልተቀበለቻትም። አጠገቧ የቆመ ሰው ቢኖር ታላቅ ወንድሟ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ «ሐኪሙ» ይሉታል፤ የተቃጠሉ የቬንትሌተርና የውሃ ፓምፕ ሞተሮች ሽቦ እንደገና እየጠመጠመ ያድናል። ትከሻዋን ይዞ፣

«አይዞሽ» አላት። «የማይሳሳት ሰው የለም።»



በማግስቱ ኢንስፔክተሩ አስጠራት። ጡረታው የደረሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ፊቱ ያለውን ወረቀት አነበበላት።

«የኛ የፖሊስ ጋራዥ ኃላፊ የጻፈው ነው። ‹የሲሊንደሩ መስኮቶች ከልክ በላይ በመሞረዳቸው ሞተሩ ግሎ ተጣብቋል› ይላል። ምን ማለት ነው?»

«ሰውየው ሞተሩን አልከፈተውም ማለት ነው።»

«ቀስ በይ፣ ልጄ።»

«ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። በዚህ ዓይነት ሞተር ቤንዚኑ የሚገባውም ጭሱ የሚወጣውም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ መስኮቶች ነው። መስኮቱን በልኩ ካሰፉት ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል፤ ይፈጥናል። ሃምሳ ስድስት ሞተር ሞርጃለሁ። አንዱም አልተጣበቀም።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።» አገጯን ከፍ አደረገች። «የተበላሸ ሞተር ነው ያስተማረኝ።»

«ሃምሳ ሰባተኛው ግን ወንድምሽን ገደለው።»

ሞረድ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች። 

«ክሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «የምትይው ካለ አሁን በይ።»

ከቦርሳዋ አንድ የክብሪት ሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ውስጡ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ካንዴላ ተኝቷል።

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴ እስከ ድልድዩ ነድቻት ስመለስ ነቅዬ በአዲስ የተካሁት ነው። ከእያንዳንዱ ሞተር አንድ አስቀራለሁ። ጫፉን ይዩት፤ ምን ይመስላል?»

«ቡናማ።»

«ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል። ከነጣ ቤንዚን አንሶት እየተቃጠለ ነው። አሁን ሞተሯ ላይ ያለውን ያስነቅሉ። ቡናማ ከሆነ በገዛ እግሬ ሄጄ እታሰራለሁ። ነጭ ከሆነ ግን ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሌላ ሰው እጅ ገብቷል።»

ኢንስፔክተሩ ካንዴላውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ትንሽ አየው። ቆቡን አነሳ።

«ተነሺ።»

ስኩተሯ በፖሊስ ጣቢያው ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ታሽጋ ነበር። ፊቷ ወደ ውስጥ ገብቷል። መሪዋ ላይ የቢራቢሮ ጓንት አንደኛው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሞረድ ጓንቱን ላለማየት በጎን ቆማ ካንዴላውን ነቀለች።

እንደ ጠመኔ ነጭ ነው።

«ማን ይጠላዋል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቢራቢሮን? ማንም። እኔን የሚጠላ ከፈለጉ ግን ወንበር ያስመጡ፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው።»

የዝርዝሩ መጀመሪያ ወርቅ ጥርሱ የሚሉት መካኒክ ነበር። ሞረድ ብቅ ከማለቷ በፊት ስኩተር የሚያፈጥን ሰው ሲባል እሱ ነው። እሑድ ጠዋት ለተሽቀዳዳሚዎቹ ቤንዚን የሸጠውም እሱ። የነዚህ ሞተሮች ዘይት የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ዘይቱን የዘለለ ሰው ሞተሩን ገደለው ማለት ነው።

ወርቅ ጥርሱን ሲያመጡት ላብ በላብ ሆኗል።

«ጌታዬ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም!»

«ልዩነቱን አስረዳን» አለች ሞረድ።

«አንቺ ዝም በይ» አለ ኢንስፔክተሩ። «አንተ፣ ዘይት ቀላቅለሃል?»

«በልጆቼ ሞት! በጣሳ ለክቼ!»

ሞረድ ነጭ ወረቀት ለመነች። ከስኩተሯ ታንከር ጥቂት ቤንዚን አንጠባጠበችበትና ፀሐይ ላይ አኖረችው። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ቤንዚኑ ተንኖ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ቢቀር ወርቅ ጥርሱ አለቀለት። ሞረድ ይህን ያህል የተመኘችው ነገር አልነበረም።

ቤንዚኑ ተነነ። መሐሉ ላይ ቢጫ የዘይት ክብ ቀረ።

ልትዋሽ ትችል ነበር። ከሷ በቀር ክቡን የሚያነብ አልነበረም።

«ቀላቅሏል» አለች። «እንዲያውም ከልኩ ትንሽ አብዝቷል።»

«አየሽ!» አለ ወርቅ ጥርሱ እየተነፈሰ። «ሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ!»

«ንጹሕ ነው ያልኩት ቤንዚንህን ነው። አንተን መቼ አልኩ?»

ሰውየው ሄደ። የቀረው ካርቡራተሩ ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት። ሞረድ ተንበረከከች። ካቻቢቴዋን የታችኛውን ክዳን ከያዙት አራት ትንንሽ ብሎኖች ወደ አንዱ አስጠጋች። ቆመች።

«ምን ሆንሽ?»

«አራቱም ወደ ፊት ያያሉ።»

«እና?»

«ብሎን ሳስር የአናቱን ስንጥቅ ወደ ፊት ጎማው አቀናለሁ። ሁልጊዜ። ሰው ከነካው እንዳውቅ ነው።»

«ታዲያ አንቺ እንዳሰርሽው ነዋ። ማንም አልነካውም።»

«ቅዳሜ ግን አራተኛው ጥርሱ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ትንሽ ባዞረው ይበላል ብዬ አግድም እንደሆነ ተውኩት። ሰኞ ልቀይረው ነበር። ቢራቢሮንም አጠገቤ ቆሞ ሳለ ‹ይቺን እንዳትነካት› ብዬዋለሁ።»

አራተኛውን ብሎን በጣቷ ነካችው። ያለ ካቻቢቴ ዞረ። ተበልቷል።

ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያነብ ሰው ተናገረ። «የከፈተው ሰው ልማድሽን ያውቃል። የቅዳሜውን ግን አያውቅም።»

ሞረድ ይህን ልማዷን ለደንበኛ ነግራ አታውቅም። የሚያውቀው አንድ ቤት ነው። ከቤቱ አንዱ ተቀብሯል። አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

ክዳኑን ከፈተች። ቤንዚኑ እየተለካ የሚያልፍባትን ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን የምታክል የነሐስ ብሎን ፈትታ ወደ ሰማይ አነሳቻት። ቀዳዳዋ ገሚሱ ጨልሟል። ውስጧ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሽቦ ገብቶ ሁለቱም ጫፍ ታጥፏል። ሞተሩ የሚጠጣው አንሶ፣ ግሎ፣ ግሎ፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣበቀ።

ሽቦው እንደ ተላጠ መዳብ አያበራም። ጥቁር ቀይ ቫርኒሽ ተቀብቷል።

«እንዲህ ያለ ሽቦ ጋራዥሽ ውስጥ አለ?»

«የለም» አለች። ድምጿ ከሷ የወጣ አልመሰላትም። «በሩን አልፎ ነው ያለው።»

አባታቸው ትቶላቸው የሞተው፣ ሁለቱም የሚሠሩበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የሐኪሙ፣ የኋለኛው የሞረድ። ወደሷ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ በወንድሟ ወንበር አጠገብ ያልፋል። ሲገቡ ሐኪሙ የፓምፕ ሞተር ይጠመጥም ነበር። ቀዩ ጥቅል ጉልበቱ ላይ እየዞረ ነው።

«ካርቡራተር ከፍተህ ታውቃለህ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«እኔ? የኔ ሥራ ኤሌክትሪክ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቅዳሜ ስኩተሯ የት ነበረች?»

«ከኋላ። ክፍሏ ውስጥ።»

«ቁልፉስ?»

«ምስማሩ ላይ። የቤት ቁልፍ ነው፤ ማንም ያነሳዋል።»

«ማንም ማን?»

ሐኪሙ ጥቅሉን አቆመ። ሞረድ ወደፊት ቀረበች። አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ አራተኛውን ብሎን ለምን አዞርከው?»

«ጠሞ ነበር እኮ፤ አንቺ መቼ እንደዚያ...»

ምን እንዳመለጠው ገብቶት እዚያ ላይ ቆመ። መንገድ ላይ አንድ ስኩተር ተንተክትኮ አለፈ። 

«አንድ ቀን» አለ ሐኪሙ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ብቻ ሰው ፊት እንድትሳሳቺ ነበር የፈለግሁት።»

«ምን አድርጌህ?»

«ሰው በኔ በር ገብቶ፣ በኔ ላይ ተራምዶ፣ ‹እህትህ የለችም እንዴ?› ይለኛል። ሐኪሙ ያለኝ ማን ነው? ደንበኛ በሞላበት ቀን ‹እሱን ተዉት፣ የቬንትሌተር ሐኪም ነው› አልሽ። ሳቁ። ስም ሆኖ ቀረ። እማዬ እንኳን ትጠራኛለች በሱ።»

እሷ ረስታዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንት ሰው ፍቃለች፤ የትኛው እንደደማ ቆጥራ አታውቅም።

«ልጁ እንደሚሞት አላወቅክም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«የኔ ሞተሮች ሲቃጠሉ ይጨሳሉ፣ ይሸታሉ፣ ይቆማሉ። ሰው አይገድሉም። መነሻው ላይ አጭሳ ትቆማለች፣ ሰው ይስቃል፣ አለቀ ብዬ ነው።»

«ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመሞቱ በፊት ይፈጥናል» አለች ሞረድ። «ከምንጊዜውም ይበልጥ ይፈጥናል። የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው። ጎማውን ይዞ።»

«እንዴት ልወቀው?» ብድግ አለ። ጥቅሉ ወድቆ እየተፈታ ተንከባለለ። «አንቺ ሽቦ በቀዳዳው አሳልፈሽ ስትሞክሪ በበሩ አይቻለሁ። አስገባሽ። ሞተሩ ዘፈነ። ከዚያ ደንበኛ ጠራኝ። መልሰሽ እንዳወጣሽው ሳውቅ ያበላሻል ማለት ነው አልኩ፤ ምን እንደሚያደርግ ግን አላየሁም! አምና አንድ ቀን መጥቼ ‹ካርቡራተር አሳዪኝ› አላልኩሽም? ምን አልሽኝ?»

ታስታውሳለች። ቃል በቃል። በኩራት ነበር ያለችው።

«‹እኔን ማን አስተማረኝ?›»

«አዎ» አለ ሐኪሙ። እጁን ለኢንስፔክተሩ ዘረጋ።

ሲወስዱት ጎረቤቱ ሁሉ ደጁ ላይ ወጥቶ አየ። ኢንስፔክተሩ የጋራዥ ኃላፊውን ወረቀት ለሁለት ቀደደው። «አንቺ ነጻ ነሽ» አላት፤ ሰው ለሰው መርዶ በሚናገርበት ድምፅ።

ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ቀይ ሽቦ ተራምዳ ወደ መኖሪያ ቤታቸው ገባች።

እናቷ እዚያው ናት። ሞረድ ከጀርባዋ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ካንዴላውን፣ ሽቦውን፣ ብሎኑን፣ ጋሼ ያለውን። የራሷ ቃል ላይ ስትደርስ አልዘለለችውም። ሦስት ቀን ሙሉ ስትመኝ የነበረው ይህን ነው፤ እናቷ ዞራ «አንቺ አይደለሽም ለካ» እንድትላት።

እናቷ ዞረች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት።

«ያንቺ ስህተት ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «ስህተትሽን ይቅር እልሽ ነበር። ሁለት ልጅ ይተርፈኝ ነበር።»

ፊቷን መልሳ ወደ ግድግዳው አዞረች።